ትኬቱ ያለው የት ነው? ለሥራ ለሚበሩና ሒሳቡን ለሚያወራርዱ

ለሥራ ጉዞ የሚወጣ ሰው ዛሬ ከመሥሪያ ቤቱ ወይም ከጉዞ ወኪል የሚደርሰው በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላከ አንድ ፋይል ነው። ስሙ፣ የሚነሣበት ሰዓት፣ የበረራ ቁጥሩና ዋጋው ሰፍሮበታል። ብዙ ሰው ይህን ፋይል «ትኬቴ» ይለዋል፤ ያትመዋል፣ ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጠዋል፣ ሲመለስም ሒሳብ ለማወራረድ ለፋይናንስ ያስረክበዋል። ትኬቱ ግን በአየር መንገዱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። በእጃችን ያለው ወረቀት መዝገቡ በአንድ ወቅት ምን ይል እንደነበር የሚያሳይ ደረሰኝ ነው። መዝገቡ ሲቀየር ወረቀቱ አብሮ አይቀየርም። ቼክ ኢን ላይ «ስምዎ የለም» ከመባል ጀምሮ ኦዲተር ፊት እስከሚነሣው ጥያቄ ድረስ፣ በሥራ ጉዞ ላይ የሚያጋጥመው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

የዱሮው ትኬት ሌላ ነበር። በካርቦን የሚባዙ ስስ ቅጠሎች ያሉት ትንሽ ጥራዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ በረራ አንድ ቅጠል ነበረው፤ ያ ቅጠል ኩፖን ይባላል። ተጓዡ ቼክ ኢን ሲያደርግ የዚያ በረራ ኩፖን ተቀድዶ ይቀራል፤ አየር መንገዱም ገንዘቡን የሚያስላው በዚያ ቅጠል ነበር። ጥራዙ የጠፋበት ሰው ፎርም ይሞላል፣ ተጨማሪ ይከፍላል፣ አንዳንዴም አዲስ ትኬት ገዝቶ የቀድሞውን ገንዘብ ሲጠብቅ ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በአጭር ስሙ አያታ፣ ወረቀቱን ለማስቀረት ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2008 ጀምሮም ለጉዞ ወኪሎች የወረቀት ትኬት ማቅረቡን አቆመ። በማኅበሩ የዚያን ጊዜ ስሌት አንድ የወረቀት ትኬት 10 ዶላር ያህል ሲያስወጣ ኤሌክትሮኒኩ 1 ዶላር ያህል ነበር። ወረቀቱ ይቅር እንጂ የአሠራሩ አጥንት አልተለወጠም። ኩፖን ዛሬም አለ፤ ዛሬም ለእያንዳንዱ በረራ አንድ ነው።

ነገሩ ከባንክ ደብተር ጋር ይመሳሰላል። ገንዘቡ ያለው ባንኩ ጋ ነው፤ ደብተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ ሲታተም የነበረው ነው። ደብተሩ ቢጠፋ ገንዘቡ አይጠፋም፤ ገንዘቡ ወጥቶ ካለቀ ደግሞ ደብተሩ ላይ የተጻፈው አያድንም።

ሁለቱ ቁጥሮች

ፋይሉ ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን ፈልጉ። አንደኛው ስድስት ፊደላትና አኃዞች የተቀላቀሉበት የቦታ ማስያዣ ኮድ ነው፤ ወኪሎች ፒ ኤን አር ይሉታል። እሱ የሚናገረው ቦታ መያዙን ብቻ ነው። ሁለተኛው 13 አኃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ነው፤ ትኬቱ በእርግጥ መቆረጡን የሚናገረው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ትኬቱን ያወጣውን አየር መንገድ ያመለክታሉ፦ 071 የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ 176 ኤምሬትስ፣ 220 ሉፍታንዛ ነው። አንድ ትኬት የሚይዘው እስከ አራት ኩፖን ስለሆነ፣ ጉዞው ከአራት በረራ በላይ ሲኖረው ተከታታይ የሆነ ሌላ ቁጥር ይጨመርበታል፤ ሁለት ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ።

13 አኃዙ የሌለበት ወረቀት ትኬት የለውም ማለት ነው። ቦታው የተያዘው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ገደቡ ሲያልፍ ሲስተሙ ራሱ ይሰርዘዋል። እንዲህ ያለው ወረቀት በራሱ ጥፋት የለበትም። ለሸንገን ቪዛ ለሚያመለክት ሰው ለምሳሌ የተያዘ ቦታ ማሳየቱ ይበቃል፤ ቪዛው ሳይሰጥ ትኬት አትግዙ ብለው የሚመክሩ ቆንስላዎችም አሉ። ችግሩ የሚመጣው ለቪዛ የወጣው ወረቀት በፋይል ውስጥ ከርሞ በጉዞው ቀን ትኬት ተብሎ ሲወጣ ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ ጉዞውን የሚጠይቀው አንድ ሰው፣ የሚፈቅደው ሌላ፣ የሚከፍለው ሦስተኛ ነውና። ተጓዡ ግዥ ክፍል ጨርሶልኛል ይላል፤ ግዥ ክፍል ወኪሉ ልኮልናል ይላል፤ ወኪሉ ደግሞ ክፍያው እስኪገባለት እየጠበቀ ነው።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። ወኪሎች የሚሠሩት አማዴየስ፣ ሳበር ወይም ትራቭልፖርት በሚባሉት ሲስተሞች ነው፤ እነዚህ የየራሳቸውን ኮድ ይሰጣሉ። በወኪሉ ወረቀት ላይ ያለውን ኮድ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ «አልተገኘም» ካላችሁ ትኬቱ ሐሰት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የአየር መንገዱን ኮድ ከወኪሉ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ወረቀት ላይ በሌላ መስመር ተጽፏል። በዚያ ኮድና በቤተሰብ ስም ገብታችሁ በረራዎቹን፣ ሰዓቱንና 13 አኃዙን ካያችሁ መዝገቡን ራሱን አያችሁ ማለት ነው።

ኩፖኑ በምን ሁኔታ ላይ ነው?

እያንዳንዱ ኩፖን በመዝገቡ ውስጥ ሁኔታውን የሚገልጽ ምልክት አለው። ገና ያልተበረረበት «ኦፕን» ነው። ተጓዡ ቼክ ኢን ሲያደርግ፣ ሲሳፈርና አውሮፕላኑ ሲበር ምልክቱ ደረጃ በደረጃ ይቀየርና በመጨረሻ «ዩዝድ» ወይም «ፍሎውን» ይሆናል። ገንዘቡ ከተመለሰ «ሪፈንድድ»፣ በሌላ ትኬት ከተተካ «ኤክስቼንጅድ»፣ ገና እንደተቆረጠ ከተሰረዘ «ቮይድ» ይባላል። ወኪላችሁን «የኩፖኑ ሁኔታ ምን ይላል?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ እሱም አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አይቶ ሊነግራችሁ ይችላል።

ኩፖኖች በተራቸው ነው የሚበሩት። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ክፉኛ ይጎዳል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ትኬት የተቆረጠለት ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደዚያው እንደሚሄድ ሰምቶ በመኪና ይሄዳል እንበል፤ ሲመለስ በአውሮፕላን ሊመለስ አስቧል። መሄጃውን ሳያሳውቅ ስለቀረ ኖ ሾው ተብሎ ይመዘገባል፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶችም ቀሪውን ጉዞ አብረው ይሰርዙታል። ወረቀቱ ላይ መመለሻው አሁንም ተጽፏል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ሐሳብ ሲቀየር ከበረራው በፊት ማሳወቅ፣ የቀረውን ኩፖን ለማትረፍም ተጨማሪ ክፍያ ካለ ከፍሎ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከበረራው በኋላ የሚደወል ስልክ እምብዛም አይረዳም።

የበረራ ሰዓት ለውጥም እንዲሁ ይሸነግላል። አየር መንገዱ በረራውን ሲያዛውር መጀመሪያ የሚቀየረው ቦታ ማስያዣው ነው። ትኬቱ ደግሞ ከአዲሱ በረራ ጋር እንዲገጥም ዳግመኛ መስተካከል አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይህ የሚቀረው ለቆረጠው ወኪል ነው። ወኪሉ ከዘነጋው ስልካችሁ ላይ አዲሱ ሰዓት ይታያል፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፣ ቼክ ኢን ላይ ግን ትኬቱና ቦታው አልተገናኙም ትባላላችሁ። የሰዓት ለውጥ መልእክት የደረሰው ሰው «አይቻለሁ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ትኬቱ እንደገና መስተካከሉን ከወኪሉ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል።

ስም

የእኛ ስም አጻጻፍና የአየር መንገዶች ፎርም እንደማይገጥሙ በውጭ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ፎርሙ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ይላል፤ እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አልማዝ ከበደ ተሰማ የምትባል ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቷ የምትታወቀው አልማዝ ከበደ ተብላ ነው፤ ግዥ ክፍሉም «ከበደ»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይልካል። ፓስፖርቷ የቤተሰብ ስም ብሎ የያዘው «ተሰማ»ን ከሆነ ግን ትኬቱና ፓስፖርቱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ።

መፍትሔው ፓስፖርቱ ራሱ ላይ አለ። በፎቶው ገጽ ግርጌ ኮምፒውተር የሚያነባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። የላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ የተደጋገመ የማዕዘን ምልክት፣ ከዚያ የራስ ስሞችን ይጽፋል። ይህ አሠራር በዓለም ዙሪያ አንድ ነው። ትኬቱ ላይ መግባት ያለበት ስም እዚያ እንደተጻፈው፣ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው የላቲን አጻጻፍ ነው። ጸሐይ የሚለውን ስም አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይጨርሰዋል፤ ትክክሉ የትኛው ነው የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም፣ ፓስፖርቱ የጻፈው ነው። ስለዚህ የጉዞ ጥያቄ ፎርም ላይ ስምን በእጅ ከመጻፍ የፓስፖርቱን ገጽ ቅጂ አባሪ ማድረግ ደንብ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከስሙ መጨረሻ ጋር ተጣብቆ የሚታየው «ኤም አር» ወይም «ኤም ኤስ» አቶና ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ስህተት አይደለም። አንድ ሁለት ፊደል ከተሳሳተ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ያርማሉ፤ ሰው መለወጥ ግን አብዛኞቹ አይፈቅዱም። ባልደረባችሁ በእናንተ ምትክ እንዲሄድ ከተወሰነ የእናንተ ትኬት ይሰረዛል፣ ለእሱ አዲስ ይቆረጥለታል።

ሌሊት የሚነሣ በረራ

ትኬት ላይ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆቹ ቀን ነው፤ ሰዓቱም የየአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ሰዓት ነው። ለአገር ውስጥ በረራ 06:00 የሚለውን ከሌሊቱ 12 ሰዓት፣ 18:00ን ከምሽቱ 12 ሰዓት ብለን እናነባለን፤ በስልክ «12 ሰዓት» ብቻ የተባለ ሰው ታዲያ የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ ስልኩን መዝጋት የለበትም።

ከባዱ ወጥመድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣው በረራ ነው፤ ከቦሌ ሌሊት የሚነሡ በረራዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ትኬቱ ማርች 12 ቀን 2025፣ 00:30 ይላል እንበል። ቀኑ ረቡዕ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ንጋት ላይ ስለሆነ ግን ያንን ሰዓት የምንጠራው ማክሰኞ ሌሊት 6:30 ብለን ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያለበት ተጓዥ ማክሰኞ ምሽት 3:30 ቦሌ መገኘት አለበት። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ «ከመጋቢት 3 ቀን ጀምሮ» ካለ፣ ተጓዡም ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ ከወጣ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ምንም አልቀረም። ውሎ አበል ከመጋቢት 2 ይታሰብ ወይስ ከ3 የሚለው ጭቅጭቅም የሚነሣው ከዚሁ ነው። የጉዞ ደብዳቤ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር፣ የሳምንቱን ቀንና «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» የሚለውን ቢጽፍ ስንቱን ባዳነ!

ሒሳብ ማወራረድ

ፋይናንስ ክፍሎች ዛሬም እንደ ወረቀቱ ዘመን የሚጠይቁት ትኬትና ቦርዲንግ ፓስ ነው። የሚጠይቁበት ምክንያት ትክክል ነው። የታተመው ፋይል ገንዘብ መከፈሉን እንጂ ሰውየው መብረሩን አያሳይም። ገንዘቡ ተመላሽ የሚሆን ትኬት ገዝቶ፣ ወረቀቱን አስረክቦ፣ ትኬቱን አሰርዞ ገንዘቡን የወሰደ ሰው ወረቀቱ እንደ ነበረ ነው። ቦርዲንግ ፓስ ደግሞ አሁን ስልክ ውስጥ ያለ ምስል ሆኗል፤ ከበረራው በኋላ ከመተግበሪያው ሊጠፋ ይችላል። በሐቅ ሄዶ የተመለሰ ሠራተኛ ቁራጭ ወረቀት አጣህ ተብሎ አበሉን ሲከለከል ማየት ያሳዝናል።

ከሁለቱም ወረቀቶች የሚበልጠው ማስረጃ የኩፖኑ ሁኔታ ነው። ትኬቱን የቆረጠው ወኪል በ13 አኃዙ ገብቶ እያንዳንዱ ኩፖን «ዩዝድ» መሆኑን አትሞ ማኅተም ሊያደርግበት ይችላል፤ አየር መንገዶችም መንገደኛው መብረሩን የሚገልጽ ማረጋገጫ ሲጠየቁ ይሰጣሉ። የፋይናንስ መመሪያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን እንደ አማራጭ ማስረጃ ቢያስገቡት ሐቀኛውን ይታደጋል፣ አጭበርባሪውንም ይይዛል። እስከዚያው ተጓዡ ከመሳፈሩ በፊት የስልኩን ቦርዲንግ ፓስ ፎቶ ያስቀር፤ በፌስቡክ ግን አይለጥፈው። ባርኮዱ ስሙንና የቦታ ማስያዣ ኮዱን ይዟል፤ በሁለቱ ብቻ ሌላ ሰው ጉዞውን ከፍቶ ሊያይ፣ ሊያበላሽም ይችላል።

ለተጨማሪ ሻንጣ፣ ለመቀመጫ ወይም ለቀን ለውጥ የሚከፈለው ከትኬቱ ተለይቶ የራሱ 13 አኃዝ ያለው ሌላ ኤሌክትሮኒክ ሰነድ ይወጣለታል። ቼክ ኢን ላይ በባንክ ካርዱ የከፈለ ሰው የዚያን ሰነድ ደረሰኝ ካልጠየቀ ገንዘቡን ከኪሱ እንደከፈለ ይቀራል።

በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች ባልደረቦች ሌላ ነገር ማየት አለባቸው። ፍላይ አሜሪካ የሚባለው ሕግ፣ ከተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በአሜሪካ አየር መንገድ መጓዝን ያዛል። አውሮፕላኑ የሌላ አገር ሆኖ በረራው በጋራ ሽያጭ (ሁለት አየር መንገዶች አንዱን በረራ በየራሳቸው ኮድ ሲሸጡት) በአሜሪካው አየር መንገድ ኮድ ከተቆረጠ ግን እንደ አሜሪካ አየር መንገድ በረራ ይቆጠራል። ስለዚህ ወሳኙ ትኬቱ ላይ ከበረራ ቁጥሩ በፊት ያለው የአየር መንገድ ኮድ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ትኬት ወጪው ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን መምረጥ ለወንበርና ለጠረጴዛ ይሠራ ይሆናል፤ ለትኬት ግን ሁለት ችግር አለበት። ፊርማው እስኪያልቅ ዋጋው ያልፍበታል። ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ትኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀን የማይቀየርበት ወይም ገንዘቡ የማይመለስበት ነው፤ የሥራ ስብሰባ ግን እንደሚዛወር ሁላችንም እናውቃለን። የሚወዳደረው ዋጋው ከነለውጥና ስረዛ ቅጣቱ መሆን አለበት።

በመዝገቡ ላይ የሚያዘው

ትኬቱ መዝገብ ከሆነ፣ መዝገቡን መቀየር የሚችለው ማን ነው የሚለው ይከተላል። በወኪል የተቆረጠን ትኬት ብዙ ጊዜ የሚለውጠውም ገንዘቡንም የሚመልሰው ያው ወኪል ነው፤ አየር መንገዱ ቢሮ ብትሄዱ ወደ ወኪሉ ይመልሷችኋል። ተመላሽ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ከፈለው ወገን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ከከፈለ ወደ መሥሪያ ቤቱ። የማይመለስ በተባለ ትኬት ላይ እንኳ፣ ካልተበረረበት፣ ከታክሶቹ የሚመለሱ ስላሉ ፋይናንስ ክፍል ሳይጠይቅ መተው የለበትም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከበረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ቀደም ብለው በቀጥታ ከአየር መንገድ ሲገዙ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት የመሰረዝ ወይም ሳይከፍሉ ዋጋውን የማቆየት ዕድል እንዳላቸው ያስታውሱ፤ አየር መንገዱ ከሁለቱ አንዱን የመስጠት ግዴታ አለበት።

ከፋዩ መሥሪያ ቤቱ ቢሆንም የተጓዡ የሆነ መብት አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን፣ በአየር መንገዱ ጥፋት ሳይነገረው ቢሰረዝበት ወይም እጅግ ቢዘገይበት ለዚህ ርቀት 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ካሳው የሚገባው ለተንገላታው መንገደኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲሆን ግን ሕጉ የሚሠራው አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ መጓጓዣ ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ደንግጓል። ትኬቱ የሚቆረጠው ግን በአሠሪው ወይም በኤጀንሲ በኩል ነው፤ የቆረጠው ሊሰርዘው ይችላል። ለሠራተኛዋ በዋትሳፕ የሚላክላት ፎቶ ትኬቱ አንድ ቀን እንደነበረ እንጂ ዛሬ እንዳለ አይነግራትም። ውል ጨርሳ ልትመለስ ስትል «ትኬትሽ ይኸው» ብለው ፎቶ ካሳዩዋት 13 አኃዙን ታንብብ፤ እሷ ካልቻለች ዘመድ ያንብብላት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አኃዞች አይታ የዚያን አየር መንገድ ቢሮ ራሷ ወይም አገር ቤት ያሉት ዘመዶቿ ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ኩፖኑ «ኦፕን» ነው ወይ? በዚህ ቀን ቦታ ተይዞለታል ወይ? ሁለቱም አዎ ካልተባለ ሻንጣዋን ይዛ ከቤት አትውጣ፤ አዎ ከተባለም ከበረራው በፊት ባለው ቀን ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቁላት።